ከአይሲዩ (ጽኑ ሕሙማን ክፍል) ወደ ገጠር ልዛወር ነው፤ በስድስት ሳምንት ምን ልለማመድ?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ነርስ ነኝ፣ 9 ዓመት ሠርቻለሁ፣ አብዛኛውን አይሲዩ ውስጥ። አሁን ሐኪም ወደሌለበት ሩቅ ጤና ጣቢያ ልሄድ ነው፤ ሆስፒታሉ በመኪና አራት ሰዓት ነው። ቬንቲሌተር (የመተንፈሻ ማሽን) ላይ ያለ ሰው አያስደነግጠኝም። ምጥ የያዛት ሴት ብትመጣ ግን ጉድ ነው፣ ከተማሪነቴ ወዲህ አዋልጄ አላውቅም። ሁሉም "አንቺማ ልምድ አለሽ" ይለኛል። ከየት ልጀምር?

የገጠር አዋላጅ፦
"ልምድ አለሽ" እኔንም ጉድ ሊሠራኝ ነበር። ማዋለጃ ክፍል ግቢ፣ በተለይ የሌሊት ተራ ለምኚ። እዚያ የምትለማመጂው፦ ሕፃኑ እንደተወለደ፣ ሁለተኛ ሕፃን እንደሌለ አረጋግጠሽ ወዲያው ኦክሲቶሲን (ደም እንዳይፈስ ማህፀኑን የሚያኮማትር መድኃኒት) 10 ዩኒት ጡንቻ ላይ፣ ከዚያ ማህፀኑ መጠንከሩን በእጅሽ እየዳሰስሽ መከታተል፣ የፈሰሰውን ደም መገመት (ሁላችንም አሳንሰን ነው የምንገምተው)። አልተነፍስ ያለ ሕፃን ደግሞ ማድረቅ፣ ጀርባውን ማሸት፣ እምቢ ካለ በመጀመሪያዋ 1 ደቂቃ ውስጥ በአምቡባግ (በእጅ እየተጨመቀ በማስክ አየር የሚሰጥ ከረጢት) መጀመር። በአሻንጉሊት ደጋግሚው። እኔ አንዴ ማስኩ ፊቱ ላይ አልገጥም ብሎ ደረቱ አልነሳ ሲለኝ ያለፉት ሰከንዶች እስካሁን ትዝ ይሉኛል።

ሲኒየር ነርስ፦
እኔን የከበደኝ ሪፈር ነው፣ ታማሚን ወደ ሆስፒታል መላክ። ከተማ "ትንሽ እንየው" ይባላል፣ ሐኪሙ ፎቅ ላይ አለ። እዚያ ግን አንድ ሰዓት ካየሽ፣ መኪና እስኪገኝ ሌላ አንድ ሰዓት፣ በዚያ ላይ መንገዱ፣ ታማሚዋ ሆስፒታል የምትደርሰው ከስድስት ሰዓት በኋላ ነው። ሳትሄጂ ለማን እንደምትደውዪ እወቂ። ስትደውዪም ታሪክ አታብዢ። "ከወሊድ በኋላ ደም እየፈሰሳት ነው፣ ልልካት ነው፣ እስክትደርስ ምን ልጨምር?" በቃ። ፕሮቶኮሉን በወረቀት ያዢ፣ ኔትወርክ አይታመንም።

ጠያቂ፦
ማግኒዥየም ሰልፌት (የእርግዝና ደም ግፊት የሚያመጣውን መንቀጥቀጥ የሚከላከለው) የለመድኩት በደም ሥር እየመጠነ በሚሰጥ ፓምፕ ነው። ፓምፕ ከሌለስ?

የገጠር አዋላጅ፦
በጡንቻ የሚሰጥ አለ። መጀመሪያ 4 ግራም በደም ሥር ቀስ ብሎ፣ ወዲያው በየመቀመጫው 5 ግራም፣ ከዚያ በየ4 ሰዓቱ 5 ግራም ጎን እየቀያየርሽ። ከመድገምሽ በፊት የጉልበት ሪፍሌክስ መኖሩን፣ ትንፋሽ በደቂቃ ከ16 አለማነሱን፣ ሽንት በሰዓት ከ30 ሚሊ አለማነሱን እዪ። ማርከሻው ካልሲየም ግሉኮኔት አጠገብሽ ይሁን። ከመሥሪያ ቤትሽ ፕሮቶኮል ጋርም አመሳክሪው።

ስም የለኝም፦
እንደደረስሽ ፍሪጁን ክፈቺ። ኦክሲቶሲን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው የሚቀመጠው፣ መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚደረግ ጠይቂ። የሕፃን ማስክ 0 እና 1 ቁጥር መኖሩንም ተመልከቺ። ሌላው፣ ታካሚዎችሽ ጎረቤቶችሽ ናቸው፤ ገበያ መሀል "የእገሌ ልጅ ምን ሆኖ ነው?" ይሉሻል። መልሱን ካሁኑ አዘጋጂ።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ። የማዋለጃ ክፍሏን ኃላፊ አናገርኳት፣ ሰኞ ሌሊት እጀምራለሁ።