አዳዲስ የጋራዥ ሮክ ሥራዎችን በምን ልከታተል?

ጅማ ፈረንጅ አራዳ ነው የምኖረው። በፈረንጆቹ 1960ዎቹ የአሜሪካዋ ታኮማ ከተማ ባንድ ሶኒክስ እንደተጫወተው ያለ፣ ጊታሩ የሚሻክር፣ ቀረጻው ያልተኳለ ጋራዥ ሮክ ነፍሴ ነው። አሁን የምፈልገው ግን የዛሬዎቹን፣ ስማቸው ገና ያልተሰማ ባንዶችን ነው። የምሰማበት መተግበሪያ የታወቁትን ብቻ ይደጋግምልኛል። ሙዚቀኞች ሥራቸውን ራሳቸው በሚሸጡበት ድረ ገጽ፣ ባንድካምፕ ላይ «ጋራዥ ሮክ» በሚለው ዘርፍ አዲስ የወጡትን ፈለግኩ፤ ዝርዝሩ ማለቂያ የለውም፣ አንድ በአንድ ልስማ ስል ዳታዬ በሁለት ቀን አለቀ። አራት ትናንሽ የሙዚቃ አሳታሚዎችን መከተል ጀመርኩ፤ አዲስ ሲያወጡ በኢሜይል ይደርሰኛል፣ ይህ በጣም ረድቶኛል፤ ከእነሱ ውጭ ያለው ግን ያመልጠኛል። ያለኝ ስልክና በወር 5 ጊጋባይት ብቻ ነው። አልበም በብዛት የሚወጣው ዓርብ ስለሆነ፣ የሳምንቱን አዳዲስ የጋራዥ ሮክ ሥራዎች ሳላዳምጥ በፊት በጽሑፍ ብቻ አጣርቼ ለመምረጥ ምን ብጠቀም ይሻላል?