አንድ የሻይ ቅጠል ስንት ጊዜ ይደገማል?

የልደታዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ወንድሜ ለሥራ ቻይና ደርሶ ሲመለስ ሻይ ይዞልኝ መጣ። ትንንሽ ፓኬት ነው፤ እያንዳንዱ 7 ግራም፣ አየሩ ተመጦ የታሸገ። እንደኛ ሻይ ጥቁርና ደቃቅ አይደለም። አረንጓዴ ነው፣ ሽንብራ የሚያህል ድቡልቡል። ስሙ ቲዬጓንዪን ይባላል አለኝ። «አንዱን ፓኬት ሰባት ጊዜ ትጠጪበታለሽ» ብሎኝ ሄደ።

እኔም እንደለመድኩት በበራድ ውሃ ጥጄ፣ ቀረፋና ቅርንፉድ ጨምሬ፣ አንዱን ፓኬት አሥር ደቂቃ አንተከተክኩት። ሬት ሆነ! ስኳርም አላዳነው። በዚያው ቅጠል ላይ ሌላ ውሃ ጨምሬ ሳፈላው ደግሞ የብርጭቆ እጣቢ መሰለ። ሰባቱ ጊዜ የት አለ? ወንድሜ ነው የተሸወደው ወይስ እኔ ነኝ ያበላሸሁት? ስድስት ፓኬት ቀርቶኛል፣ ቶሎ ድረሱልኝ።

ጀበናዬ፦ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ነዋ! ሁለተኛው መቅጠኑ ያለ ነው። ትንሽ አዲስ ቅጠል ጣል አድርጊበትና እንደገና አፍይው።

ጓንዡ ተመላሽ፦ ጀበናዬ፣ ነገሩ ከቡናው ጋር ይመሳሰላል፤ ግን ቡናውን እሳት ላይ መልሰን እናፈላዋለን። ይሄ ሻይ እሳት ላይ አይጣድም።

እህቴ፣ ወንድምሽ አልተሸወደም። ቲዬጓንዪን በፉጂያን ግዛት ውስጥ አንሺ የሚባል አካባቢ ሻይ ነው፤ በአረንጓዴና በጥቁር ሻይ መካከል ካለው፣ ኡሎንግ ከሚባለው ወገን። ቅጠሉ ሳይፈጭ ሙሉውን ተጠቅልሎ ነው የደረቀው። ውሃ ሲነካው ቀስ እያለ ይፈታል፤ ጣዕሙንም በየዙሩ ጥቂት ጥቂት ይሰጣል። አንቺ አሥር ደቂቃ ስታንተከትኪው ሰባቱንም ዙር በአንድ ብርጭቆ ጠጣሽው ማለት ነው። መራራውና አፍ የሚይዘው ነገር ሁሉ አብሮ ወጣ።

እንዲህ ሞክሪ። 7 ግራሙ የተለካው ለትንሽ ዕቃ ነው፤ ከ100 እስከ 120 ሚሊ ሊትር ለሚይዝ። ሁለት ስኒ ቢሆን ነው። እዚያ ጋይዋን የሚባል ክዳን ያለው ኩባያ አላቸው። አንቺ ትንሽ ብርጭቆ፣ የስኒ ማስቀመጫ ለክዳን፣ ማጥለያና ሌላ ባዶ ብርጭቆ ይበቃሻል። ቅጠሉን ጨምረሽ የፈላ ውሃ አፍሽበትና አምስት ሰከንድ ሳይቆይ ድፊው። ይህ ማንቂያ ነው፣ አይጠጣም። ከዚያ እንደገና ውሃ ሞልተሽ 20 ሰከንድ ቆጥረሽ ወደ ባዶው ብርጭቆ አጥልይ። ሁለተኛውም 20 ይሁን፤ ሦስተኛውን 30፣ አራተኛውን 40 አድርጊ፤ ከዚያ በኋላ አንድ ደቂቃና ከዚያ በላይ። ምላስሽ ይመራሻል።

አንድ ነገር አደራ፦ ስትቀጂ የመጨረሻዋ ጠብታ እስክትወጣ አንጠፍጥፊው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከሥር የቀረው ውሃ ቅጠሉን ሲያበስለው ይቆይና ቀጣዩን ዙር ያመርረዋል። በየመሃሉም ክዳኑን ክፍት ተይው።

የፊዚክስ መምህር፦ አንድ ልጨምር። ኢንተርኔት ላይ «ውሃው 95 ዲግሪ ይሁን» የሚል ታያለሽ። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ከዚያ በላይ አይሄድም። ስለዚህ ለኡሎንግ ይቀዝቅዝ ብለሽ አትጠብቂ፣ ሲንተከተክ አፍሽበት። አረንጓዴ ሻይ ቢሆን ኖሮ ወደ 80 እስኪወርድ ትጠብቂ ነበር።

የቦንጋው፦ እኔ ያደግሁት ውሽውሽ የሻይ እርሻ አጠገብ ነው። ማንም ይህን አንብቦ የኛን ሻይ ሰባት ጊዜ ልድገም እንዳይል! የለመድነው ሻይ ፋብሪካ ውስጥ በማሽን ተቆራርጦ እንደ ፍርፋሪ ሆኖ ነው የሚወጣው። ቶሎ እንዲቀላና እንዲወፍር ተብሎ። ሁለት ሦስት ደቂቃ ውስጥ አብዛኛውን ይሰጣል፣ ሲደገም የሚገኘው ቀለም ብቻ ነው። በሚነከር ትንሽ ከረጢት የሚሸጠውም ያው ነው፣ እንዲያውም ከዚህ የደቀቀ። የኛ ሻይ ጥፋት የለበትም፤ ለስኳር፣ ለወተትና ለቅመም የሚሆነው እንዲህ ያለው ነው።

ጋሽ ብርጭቆ፦ ልጄ፣ ለራስሽ እንደፈለግሽ አድርጊ። እንግዳ ፊት ግን ያገለገለ ቅጠል ላይ ውሃ መጨመር ስስት ያስመስላል።

ጓንዡ ተመላሽ፦ ጋሼ፣ እዚያ አገር እኮ የሚደገመው እንግዳው ፊት ነው! ስኒው በጎደለ ቁጥር ይሞላልዎታል። ወሬ እንዳይቋረጥ እንግዳው ጠረጴዛውን በጣቱ መታ መታ ያደርጋል፤ አመሰግናለሁ ማለት ነው። እኔ መጀመሪያ ሰሞን ፈጠን በል የሚሉ መስሎኝ ስደናገጥ ነበር።

የልደታዋ፦ ሞከርኩት! ማጥለያዬ ሰፋፊ ቀዳዳ ቢኖረውም ቅጠሉ ትልቅ ስለሆነ አላለፈም። የመጀመሪያው ቀጠነብኝ። ሁለተኛው ላይ የአበባ ሽታ መጣ። ሦስተኛው ምርጥ ነበር፣ ያለ ስኳር ጨረስኩት። ስድስተኛው ላይ ሦስት ደቂቃ አቆይቼውም ሞቅ ያለ ውሃ ሆነ። ሲያልቅ ያቺ ሽንብራ የምታህለው ተፈታ እንደ ጎመን ቅጠል ተዘርግታ አየኋት፣ ገረመኝ።

ጥያቄዬ፦ ሦስት ዙር ጠጥቼ ቢበቃኝ ቅጠሉ ለነገ ያድራል? ደግሞ የመጀመሪያውን ስለምንደፋው እንቅልፍ አይከለክልም አሉኝ፣ እውነት ነው?

ጓንዡ ተመላሽ፦ እንቅልፍ አይከለክልም ያሉሽን አትመኚ። በአምስት ሰከንድ የሚወጣው ካፌይን ጥቂት ነው። ብዙው የሚወጣው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ዙሮች፣ ማለትም አንቺ በወደድሻቸው ላይ ነው። ማታ ከሆነ ይቅርብሽ።

ቅጠሉ ጠዋት ተጀምሮ ከሰዓት ቢቀጥል ችግር የለም፤ አንጠፍጥፈሽ ክፍት ተይው። ቤት ውስጥ እርጥቡን አታሳድሪው፣ ይበላሻል። ካሳሳሽ ቀዝቃዛ ውሃ ሞልተሽበት ፍሪጅ አስገቢውና ጠዋት አጥልለሽ ጠጪው። ለሙቀት ቀን ጥሩ ነው።

የልደታዋ፦ አምስት ፓኬት ቀርቶኛል። እነሱንስ ፍሪጅ ላስገባ?

ጓንዡ ተመላሽ፦ አዎ፣ እንዳንቺ ያለው መልኩ አረንጓዴ የሆነ ኡሎንግ ቅዝቃዜ ይስማማዋል። ሳይከፈት ግን። ከፍሪጅ አውጥተሽ ወዲያው አትክፈቺው፣ እርጥበት ይይዛል፤ እስኪሞቅ ጠብቂ። የተከፈተውን በዚያው ቀን ጨርሺው። ሻይ ሽታ ይስባል፣ በርበሬና ሽንኩርት ካለበት አርቂው።