ቪትዜን ሸጬ ኤሌክትሪክ ልግዛ? (አዳማ)

ፍራንኮ ሰፈር
ሰላም ቤተሰብ። የምኖረው አዳማ ነው፣ ሥራዬ ግን በየሳምንቱ አዲስ አበባ ያመላልሰኛል። ያለችኝ ቪትዝ ናት፣ ባለ አንድ ሺህ ሲሲዋ። መኪናዋ አላስቸገረችኝም። የመረረኝ የቤንዚን ሰልፍ ነው። ግማሽ ቀን ትሰለፍና ተራህ ሊደርስ ሲል "አልቋል" ይሉሃል።

ሸጬ፣ ትንሽ ጨምሬ ኤሌክትሪክ ልግዛ እያልኩ ነው። ደላላው የቻይናው ቢዋይዲ ሲጋል ይሻልሃል ይለኛል። አጎቴ ደግሞ "ቻይና ከምትገዛ በእግርህ ብትሄድ ይሻላል" ይላል፣ ለሱ መኪና ማለት ቶዮታ ነው፣ ሌላው ሁሉ የልጅ መጫወቻ። ኤክስፕረሱ ላይ ወደ አዲስ አበባ ሲወጣ ዳገቱ ባትሪውን ይጨርሰዋል የሚሉት እውነት ነው? የአዳማ ሙቀትስ? እባካችሁ የነዳችሁት ንገሩኝ፣ የሰማ ሰው ሰልችቶኛል።

ቶዮታ ብቻ
ወንድሜ ቪትዝህን አትንካ! ኤሌክትሪክ ነድቼ አላውቅም፣ መንዳትም አልፈልግም፣ ግን ዝም ብዬ አላይህም። ቪትዝ መንገድ ላይ ብትቆምብህ ሞጆም ሁን ዱከም የመጀመሪያው ያገኘኸው መካኒክ ዓይኑን ጨፍኖ ይሠራታል። መለዋወጫዋ በየሱቁ አለ፣ አዲሱ ቢወደድብህ አሮጌው አለ። ደግሞ መንግሥት በ2016 የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከከለከለ በኋላ ቪትዝ እጁ ላይ ያለው ሰው ወርቅ ነው የያዘው። ያቺ ቻይናህ ከአምስት ዓመት በኋላ ማን ይገዛሃል? ባትሪዋ ያለቀ መኪና ምን ልታደርገው ነው፣ ዶሮ ልታረባበት?

ቻርጅ ላይ ነኝ
"ነድቼ አላውቅም" ብሎ ጀምሮ ይሄን ሁሉ መጻፍ 😂

ቶዮታ ጥሩ መኪና ይሠራል፣ ማንም አልካደም። ግን ኤሌክትሪክ ላይ ሲመጣ ስሙን ብቻ አይታችሁ አትስገዱ። ቶዮታ ራሱ ቻይና ውስጥ የሚያመርተው ቢዜድ 3 የሚባለው ኤሌክትሪክ መኪና ላይ የተገጠመው ባትሪ የማን መሰላችሁ? የቢዋይዲ። ሌላው ኤሌክትሪኩ ቢዜድ 4 ኤክስ ደግሞ ገና ገበያ እንደወጣ በ2022 እ.ኤ.አ. የጎማው ብሎን እየላላ ጎማው ሊወልቅ ይችላል ተብሎ ኩባንያው ራሱ መልሶ ጠርቶታል። አስቡት፣ የጎማ ብሎን! ቻይና ብታደርገው ኖሮ እስከ ዛሬ ቀልድ ይወራበት ነበር።

ወደ ጥያቄህ ስመጣ፣ የዳገቱ ወሬ ተጋኗል። በአዳማና በአዲስ አበባ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት ወደ 700 ሜትር ነው። አንድ ቶን ተኩል የሚመዝን መኪና ያንን ለመውጣት የሚፈጀው ተጨማሪ ጉልበት 3 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ነው፣ አስላው። ከ60 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ለያዘ ባትሪ ይሄ ምንም አይደለም። ስትመለስ ደግሞ ቁልቁለቱ ላይ የተወሰነውን ይመልስልሃል። ባትሪ የሚበላው ፍጥነት ነው። ከ80 ወደ 120 ስታሳድገው አየሩ መኪናውን የሚገፋበት ኃይል ከእጥፍ በላይ ይሆናል። እኔ ቀኝ መስመሬን ይዤ በ90 እሄዳለሁ፣ የቸኮለ ይለፈኝ።

የሶደሬ መንገድ
ከላይ የተባለው ልክ ነው፣ ግን ሲጋል ባለ 60 ባትሪ አይደለችም። ባለ ትንሹ ባትሪዋ 30 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ነው የያዘችው፣ ባለ ትልቁ ወደ 39። 305 እና 405 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች የሚሉህ በቻይና መለኪያ ነው፣ እሱ ደግሞ ለጋስ ነው፣ አብዛኛው ከተማ ውስጥ በቀስታ የሚነዳ ነው። ኤክስፕረስ ላይ ያን ቁጥር እርሳው። በትንሿ ሲጋል አዲስ አበባ ደርሰህ ሳትሞላ እመለሳለሁ ካልክ ሞጆ ስትደርስ ዓይንህ ከመስታወቱ ይልቅ ፐርሰንቱ ላይ ነው የሚሆነው። ንፋሱን ደግሞ አትርሳ። አዳማ ዙሪያ ያሉት የንፋስ ማመንጫዎች ለጌጥ አልተተከሉም፣ ያው ንፋስ ፊት ለፊት ሲመጣብህ ፐርሰንቱ ሲወርድ ታያለህ። ስለዚህ ትልቋን ካላገኘህ ይቅርብህ።

ሙቀቱን ብዙ አትፍራ። የቢዋይዲ ባትሪ ሊቲየም አይረን ፎስፌት ነው፣ ሙቀት ከሌሎቹ የተሻለ ይችላል። ጥላ ስር አቁማት፣ ከረዥም መንገድ እንደገባህ ወዲያው አትሰካት፣ ትንሽ ትቀዝቅዝ።

ከመግዛትህ በፊት ግን ሁለት ነገር በዓይንህ እይ። ስክሪኑ በቻይንኛ ብቻ ከሆነ ሻጩ "ይቀየራል" ሲልህ አትመነው፣ እዚያው ፊትህ ይቀይረው። እኔ የገዛሁበት ቦታ "ነገ" እያሉ ቀሩ፣ አሁንም የኤሲውን ቁልፍ የማውቀው በሥዕሉ ነው። ሁለተኛው የቻርጅ መሰኪያው ነው። ለቻይና ገበያ የተሠራው ከአውሮፓው ይለያል፣ አዲስ አበባ የምትሞላበት ቦታ የትኛው ገመድ እንዳለው ቀድመህ ጠይቅ።

ፍራንኮ ሰፈር
በጣም አመሰግናለሁ፣ እንዲህ ያለ መልስ ነበር የፈለግኩት። አንድ ነገር ሳልናገር ቀረሁ፣ ቤቱ ኪራይ ነው። ግቢው ውስጥ አራት ተከራይ አለን፣ ቆጣሪው አንድ ነው፣ ሂሳቡን እንካፈላለን። ማታ ከቤቴ ሶኬት ገመድ ስቤ ብሰካት ችግር አለው?

ሦስተኛው ሽቦ
እኔ የመብራት ሠራተኛ ነኝ፣ ኤሌክትሪሽያን። ይሄን መጀመሪያ ብትናገር ኖሮ ስለ ዳገት ባልተከራከራችሁ ነበር።

ከተራ ሶኬት በ10 አምፔር ስትሞላ ወደ 2 ኪሎዋት ነው የምትስበው፣ ሌሊቱን ሙሉ፣ ሳያቋርጥ። ምጣድም ብዙ ይስባል፣ ግን እንጀራው ሲያልቅ ይጠፋል። በቀጭን ሽቦ የተሠራ የኪራይ ቤት ይሄን አይችልም፣ ሶኬቱ ይቀልጣል፣ ማከፋፈያ ገመድ (ኤክስቴንሽን) ከሆነማ ወሬውም ይቅር። ሁለተኛ፣ ብዙ ቤት ኧርዝ (ወደ መሬት የሚወርደው መከላከያ ሽቦ) የለውም። ኧርዝ ከሌለ አብዛኛው ቻርጀር ቀይ መብራት ያበራና እምቢ ይላል። አንዳንዱ "ባለሙያ" አታልሎ ያስነሳልሃል፣ እሱን እንዳትሰማ፣ መኪናውን በእርጥብ እጅ የሚነካው የአንተ ልጅ ነው።

ሦስተኛው ጎረቤትህ ነው። የመብራት ታሪፍ በእርከን ነው የሚሄደው፣ ብዙ በተጠቀማችሁ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ይጨምራል። ቆጣሪው አንድ ከሆነ አንተ ስትሞላ ሦስቱም ተከራይ በውድ ዋጋ ይከፍላሉ። እኩል እንካፈል ብትላቸው ግቢውን ለቀህ ትወጣለህ።

የሚሻለው አከራይህን አስፈቅደህ ለራስህ ቆጣሪ ማስገባት ነው፣ ከዚያ ለብቻው ወፍራም ሽቦ፣ ብሬከርና ኧርዝ። እሳቸው እሺ ካላሉ መኪናውን አትግዛ።

ፍራንኮ ሰፈር
አከራዬ እትዬ ናቸው፣ ፍሪጅ ስናስገባ ራሱ አንድ ወር አኩርፈዋል 😅 እሁድ ቡና ላይ አነሳላቸዋለሁ። እሺ ካሉ ቪትዟን ለሽያጭ አወጣለሁ።

ቶዮታ ብቻ
ስንት ትላታለህ? ደላላ ሳይሰማ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ።