«ኦፕቲመም»ን በአማርኛ ምን እንበለው?

ጠያቂ፦ ሰላም ለቤቱ። የመመረቂያ ጽሑፌን በአማርኛ ላሳጥር ብዬ «ኦፕቲመም» (ውጤቱ ከሁሉ የሚሻልበት መጠን) ላይ ተቸከልኩ። «ከፍተኛ ዋጋ» ብዬ ለጓደኛዬ ባነብለት የገበያ ወሬ መሰለው። «ምርጥ ነጥብ» ቢባልስ?

መልስ፦ እኔ «ልክ» እላለሁ። እዚህ ጎንደር ዙሪያ ያለ ገበሬ ዩሪያ ሲያንስ ጤፉ እንደሚቀጭጭ፣ ሲበዛ ደግሞ እንደሚጋሸብ አሳምሮ ያውቃል፤ «ልኩን አገኘ» የሚለው መሃል ያለውን ነው። «ከፍተኛ» ካልክ ከፍ ያለው ማዳበሪያው ይሁን ምርቱ አይለይም። («ምጥን»ም ይቀርብ ነበር፣ ግን ሽሮ ቀድሞ ይዞታል።)

ጠያቂ፦ እሺ ጋሼ። «ሪስፖንስ ሰርፌስ»ስ?

መልስ፦ «የምላሽ ገጽ» ይሉታል፣ ይሁን፤ ግብዓቱን ስትለዋውጥ ውጤቱ ከፍና ዝቅ እያለ የሚሠራው ቅርጽ ነው። ዋናው ቅርጹ ነው። የስታቲስቲክስ ባለሙያው ቦክስና ኬሚስቱ ዊልሰን በ1951 እ.ኤ.አ. ልኩን የመፈለጊያ ዘዴውን ለኬሚካል ሥራ ሲያወጡት እኮ ነገሩ ተራራ መውጣት ነበር፦ ጥቂት ሙከራ ሠርተህ ዳገቱ ይበልጥ ቀጥ ወደሚልበት ሽቅብ ትሄዳለህ፣ አናቱ አካባቢ ስትደርስ ጎባጣውን በሁለተኛ ዲግሪ ቀመር ትለካለህ። ለተራራ ደግሞ ቃል አይቸግረንም። በአንድ አቅጣጫ ሽቅብ በሌላው ቁልቁል ከሆነ ኮርቻ ነው። ረዘም ብሎ ከተዘረጋ ሸንተረር። አናቱ ሜዳ ከሆነ አምባ!

ከራሴ ፈጥሬ ምሳሌ ልስጥህ፦ ምርት = 10 + 0.2ሀ − 0.002ሀ²፣ «ሀ» የማዳበሪያው መጠን ነው። ልኩ 0.2ን ለ0.004 (የ0.002 እጥፍ) አካፍለህ 50 ነው፣ ምርቱም 15። 40 ላይ ወይም 60 ላይ ብትቆም ግን 14.8 ታገኛለህ። አምባ ማለት ይህ ነው፤ ትክክለኛውን ቦታ ከዳታ ነጥሎ ማውጣት ይከብዳል፣ ብትስትም ብዙ አትከስርም።

ሌላ አባል፦ ይቅርታ ልግባና፣ «ኢስቲሜሽን»ን «ግምት» ስንለው ሰው «በግምት ተናገረ» ብሎ አይንቀውም?

መልስ፦ ቤት የሚገምት ሰው ሜትር ይዞ ነው የሚመጣው፣ ዝም ብሎ አይናገርም። ብቻ ከግምቱ ጎን ክልሉን ጻፍ። 50 ብቻ አትበል፣ ከስንት እስከ ስንት ሊሆን እንደሚችል ጨምር። ያ ቁጥር እኮ የሁለት ግምቶች ክፍልፋይ ነው፤ ታችኛው፣ የጎባጣው ቁጥር (በምሳሌያችን 0.004)፣ ወደ ዜሮ ከተጠጋ ክልሉ ይለጠጥብሃል።

ጠያቂ፦ ኮርቻውንም አምባውንም ወሰድኩ። የ«ልክ» ብዙ ቁጥርስ? «ልኮች»?

መልስ፦ «ልኮች»። ጆሮ ይለምደዋል።