ከደጀን ወደ አባይ በረሃ ጭነት ይዞ ሲወረድ ፍሬን ለምን ይግላል?

ጠያቂ፣ ከደጀን
ጤና ይስጥልኝ። በአይሱዙ ጤፍ ጭኜ ወደ አባይ ድልድይ ስወርድ ፍሬኑ ይግላል፣ የፍሬኑ ሸራ ይሸታል። ባዶዬን በዚያው ማርሽ ስወርድ ግን ምንም አይልም። ትምህርት ቤት ደግሞ ከባድም ቀላልም እኩል ይወድቃል ተብለናል። ታዲያ ጭነቱ ምን ለወጠ? እንዴትስ ብወርድ ይሻላል?

የሜካኒካል ተማሪ፣ ደብረ ማርቆስ
ጋሼ፣ የተማሩትም ያዩትም ልክ ነው። ቁልቁለት ላይ መኪናውን ወደ ታች የሚስበው ከክብደቱ የተወሰነው ነው። ለምሳሌ በ100 ሜትር መንገድ 7 ሜትር የሚወርድ ቁልቁለት እንውሰድ። የሚስበው ኃይል የክብደቱ 7 ከመቶ ገደማ ይሆናል። ኃይል የሚለካው በኒውተን ነው፤ የአንድ ኪሎ ክብደት 9.8 ኒውተን ገደማ ነው። ስለዚህ ባዶው መኪና 3,000 ኪሎ ቢሆን ወደ 2,060 ኒውተን ነው። 50 ኩንታል ሲጨመርበት ወደ 5,490 ኒውተን ይደርሳል።

የሚይዛቸው ነገር ባይኖር ሁለቱም እኩል ይፈጥኑ ነበር። ግን ሞተሩ ይይዛል፤ የሚይዝበት አቅም ደግሞ ጭነት ስለበዛ አይጨምርም። በአንድ ፍጥነት ለመውረድ የሚስበውና የሚይዘው እኩል መሆን አለባቸው። የኒውተን የመጀመሪያ ሕግ የሚለውም ይህንኑ ነው። ሞተሩ በዚያ ማርሽ 2,000 ኒውተን ያዘ እንበል። ለባዶው መኪና ሊበቃ ምንም አልቀረው። ሲጫን ግን ወደ 3,500 ኒውተን ይተርፋል። የተረፈው ሁሉ የሸራው ዕዳ ነው።

መካኒክ፣ ባህር ዳር
ተማሪው አንጀቴን አራሰው። ስለ ሙቀቱ ልጨምር። ከደጀን እስከ ወንዙ ቁመቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። 8,000 ኪሎ መኪና 1,000 ሜትር ሲወርድ 78 ሜጋጁል ገደማ ሙቀት ይወጣዋል። ከ200 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል! ይህን ሁሉ ታምቡር (ከጎማው ጋር የሚዞረው የፍሬን ብረት) እና እሱን ተጭኖ የሚይዘው ሸራ ላይ መጫን ግፍ ነው። ሸራ ከልክ በላይ ሲግል አይነክስም። ታምቡሩም በሙቀት ይሰፋና ከሸራው ይሸሻል።

ጠያቂ
ቀስ ብዬ ብወርድ ሙቀቱ ይቀንሳል?

የሜካኒካል ተማሪ
ጠቅላላው አይቀንስም፣ ጋሼ። ግን ለመቀዝቀዝ ጊዜ ያገኛል። በዚያው ቁልቁለት በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ሲወርዱ በሰከንድ 61 ኪሎጁል ይወጣል፤ በ20 ሲወርዱ ግማሹ ብቻ።

የጭነት ሾፌር፣ ቡሬ
ወንድሜ፣ ማርሽ የሚቀነሰው ገና ከላይ፣ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ነው። መኪናው ከፈጠነ በኋላ አልገባም ሊልህ ይችላል። ያንኑ ጭነት ይዘህ ሽቅብ በምትወጣበት ማርሽ ውረድ፤ ካልያዘልህ አንድ ቀንስ። ኤግዞስት ብሬክ (የጭስ መውጫውን አፍኖ ሞተሩ ይበልጥ እንዲይዝ የሚያደርግ) ካለህ ተጠቀምበት። ፍሬኑን እያሻሸህ አትውረድ። ጠበቅ አድርገህ ያዝ፣ ፍጥነቱ ሲወርድልህ ልቀቅ።

ነዳጅ እቆጥባለሁ ብሎ ከማርሽ አውጥቶ መልቀቅ ግን ነፍስ ያስከፍላል። እግርህ ከነዳጁ ከተነሳ በማርሽ ስትወርድም የሚቃጠለው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ጠያቂ
እግዜር ይስጥልኝ። ሲግል ረዳቱ ውሃ ቢያፈስበትስ?

መካኒክ፣ ባህር ዳር
በጭራሽ! የጋለ ብረት ድንገት ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል። ደልዳላ ቦታ ቁም፣ ጎማውን በድንጋይ አስይዝ፣ በአየር ይብረድ። ሽታው ጠፍቶም ፔዳሉ ከለሰለሰብህ ወይም ጠልቆ ከገባ አትንቀሳቀስ። የፍሬን ዘይቱ ፈልቶ ሊሆን ይችላል፤ መካኒክ ይየው።