ኮዬ ፈጬ ላይ መወሰን ያለበት ማነው?

የአራት ኪሎ ልጅ፦
«የኮዬ ፈጬ ጉዳይ በ2014 አልቋል፣ አሁን ምን ያጨቃጭቃል?» ለምትሉ ነው የምጽፈው። በአዲስ አበባ ጫፍ ያለው ይህ የኮንዶሚኒየም ሰፈር የማን እንደሆነ የወሰን መስመሩ ተሰምሯል፣ አዎ። ነሐሴ 2014 አዲስ አበባና ኦሮሚያ ተስማሙ፣ ኮዬ ፈጬ ወደ ኦሮሚያ ሄደ፣ ዛሬ በአዲስ አበባ ዙሪያ ያለው የኦሮሚያው ሸገር ከተማ ክፍለ ከተማ ነው። ግን ኮንዶሚኒየሙን ያሠራው የአዲስ አበባ አስተዳደር ነው። ዕጣ የደረሳቸውም የአዲስ አበባ ቆጣቢዎች ናቸው፣ ከ1997 ጀምሮ ተመዝግበው የጠበቁ አሉበት። የካቲት 2011 ዕጣው ሲወጣ ኦሮሚያ ውስጥ ተቃውሞ ተነሳ፣ የፌዴራል መንግሥት ኮሚቴ አቋቋመ፣ ከሦስት ዓመት በላይ ተጎተተና በመጨረሻ ሁለቱ አስተዳደሮች ተፈራረሙ። በዚህ ሁሉ መሃል እዚያ ያለው ሰው ድምፅ አልሰጠም። ሕዝበ ውሳኔ መደረግ ነበረበት ባይ ነኝ።

ከገላን፦
ወንድሜ፣ ታሪኩን ለምን ከዕጣው ጀመርከው? ሕንፃው ከመቆሙ በፊት እዚያ የሚያርስ ሰው ነበር። ካሳ ተብሎ ለዓመታት እንኳን የማያኖር ገንዘብ ተሰጥቶት ተነሳ። ልጆቹ በአባታቸው ማሳ ላይ የቀን ሠራተኛና ዘበኛ ሆኑ። ያኔ ማን ጠየቀው? አዲስ አበባን ከዙሪያዋ የኦሮሚያ ከተሞች ጋር ያስተሳስር የነበረው የማስተር ፕላን ተቃውሞ ከ2006 ጀምሮ ያን ያህል ወጣት የበላው በዚሁ ነው፤ መንግሥትም ጥር 2008 ላይ ዕቅዱን የሰረዘው ከዚያ ሁሉ ሞት በኋላ ነው። አሁን ገበሬውን አንስተህ፣ ሌላ ሰው አስፍረህ፣ ድምፅ ይቆጠር ስትል ውጤቱ ከቆጠራው በፊት የታወቀ ነው።

ሕግ አንባቢ፦
ሕገ መንግሥቱን እንየው። አንቀጽ 48 ክልሎች በወሰን ካልተስማሙ የፌዴሬሽን ምክር ቤት የሕዝብን አሰፋፈርና ፍላጎት መሠረት አድርጎ ይወስናል ይላል። አዲስ አበባ ግን ክልል አይደለችም። ከተስማሙም ምክር ቤቱ አይገባበትም። ሕዝበ ውሳኔም ቢሆን ሁሌ መፍትሔ አይሆንም፦ ጥቅምት 1997 በኦሮሚያና በሶማሌ ክልል መካከል ከ400 በላይ ቀበሌዎች ድምፅ ሰጥተዋል፣ በ2009 እና 2010 ግን በዚያው ወሰን የተነሳ ስንት ሕዝብ እንደተፈናቀለ አይተናል።

የኮዬ ነዋሪ፣ ሥራዬ ካዛንቺስ፦
እዚያ የምኖረው እኔ ነኝ፣ እናንተ ደግሞ በኔ ቤት ትከራከራላችሁ። ሸገር ሲባል አልደነግጥም። መታወቂያዬ ላይ የቱ ከተማ እንደተጻፈ ሳይሆን የሚያስጨንቀኝ ውሃ ሲጠፋ ለማን እንደምጮህ ነው። ለአንድ ወረቀት ሁለት ቢሮ ተመላልሻለሁ፣ አንዱ «ፋይልሽ እዚያ ነው» ይላል፣ ሌላው «ገና አልተላከልንም» ይላል። ልጄ አዲስ አበባ ትምህርት ቤት ጀምራለች፣ የትምህርት ቋንቋዋ መሃል ላይ እንዲቀየር አልፈልግም፣ አፋን ኦሮሞን ግን እንድትማር እፈልጋለሁ፣ ጎረቤቶቻችን የሚናገሩት ነዋ። መስመሩን ያሰመሩት ሰዎች ይህን ሁሉ በጽሑፍ ሊመልሱልኝ ይገባል።

የአራት ኪሎ ልጅ፦
እህቴ ያልሽው ልክ ነው፣ ድምፅ ይሰጥ የምለውም ለዚህ ነው፣ አለቃው ባንቺ ድምፅ የሚወርድ ከሆነ ፋይልሽን ይልካል። የገላኑ ወንድሜ፣ አንተ ያልከውን አልዘለውም። የተነሱት ገበሬዎች ዝርዝር ካሳ ሲከፈል ተይዟል። እነሱም ልጆቻቸውም ድምፅ ይስጡ፣ ዛሬ የትም ይኑሩ። ገበሬውን ያለ ፈቃዱ ማንሳት በደል ከነበረ፣ ነዋሪውንም ሳይጠይቁ ወደ ሌላ አስተዳደር ማዛወር ያንኑ መድገም ነው።

ከገላን፦
ገበሬው ድምፅ ይስጥ ካልክ ልንነጋገር እንችላለን፣ እስከ ዛሬ ከመሃል ከተማ ሰው ይህን አልሰማሁም። ግን የኮዬ ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ ከምትጠጣው ውሃ ከፊሉ ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድቦች ይመጣል፣ ሁለቱም ኦሮሚያ ውስጥ ናቸው። ቆሻሻዋን ደግሞ ኦሮሚያ ውስጥ ሰንዳፋ ወስዳ መድፋት ጀምራ ነበር፣ ገበሬው በ2008 እምቢ ብሎ አስቆመው። ቆሻሻው አዲስ አበባ ውስጥ ወዳለው የድሮው መጣያ፣ ወደ ቆሼ፣ ተመለሰ፣ መጋቢት 2009 ተንዶ ከመቶ በላይ ሰው ገደለ። አየህ፣ ድሃው ከመስመሩ ወዲህም ወዲያም ነው የሚሞተው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 49 ኦሮሚያ በአዲስ አበባ ላይ ስላላት ልዩ ጥቅም «ዝርዝሩ በሕግ ይወሰናል» ካለ ከ1987 ጀምሮ ስንት ዓመት ሆነው? ረቂቁ በ2009 ወጣ፣ እዚያው ቀረ።

ሕግ አንባቢ፦
እዚህ ላይ ካንተ ጋር ነኝ። ያ ሕግ ቢወጣ ኖሮ ውሃው፣ ቆሻሻው፣ ካሳውና የቤት ግንባታው የሚዳኝበት አንድ ቦታ ይኖር ነበር። አሁን ሁሉም በባለሥልጣናት ስምምነት ነው የሚሄደው፣ ሰዎቹ ሲቀየሩ ስምምነቱም ይላላል። ድምፅ ይሰጥ ለሚለው ግን አሁንም ጥያቄ አለኝ፦ የመራጩን ዝርዝር የሚይዘው አዲስ አበባ ነው ሸገር? ሁለቱም ባለጉዳይ ናቸው።

የኮዬ ነዋሪ፣ ሥራዬ ካዛንቺስ፦
ምርጫ ቦርድ ይያዘው። እስከዚያው ግን የ2014ቱን ስምምነት ከነካርታውና ማን የቱን አገልግሎት እንደሚሰጥ ከሚለው ጋር በየብሎኩ መግቢያ ይለጥፉልን፣ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም።