አያቴ መኪና የገዛበትን ድርጅት ከፎቶ እንዴት ላግኝ?

የጣርማበር ጉም፦
ሰላም ቤተሰብ። ደብረ ብርሃን እኛ ቤት አንድ ፎቶ አለ፣ አያቴ ጭነት መኪና ተደግፎ ቆሟል ከጀርባው ደሞ ታፔላ ያለው ሱቅ ነገር አለ፣ መኪናውን የገዛው ከዛው ቤት ነው ይባላል። እማማ ትሬንታ ኳትሮ ነው ትላለች አጎቴ ደሞ ኧረ ኤን ትሬ ነው ብሎ ድርቅ። እኔ ግን የድሮ መኪና ሻጮችን ፎቶና ፖስትካርድ ስለምሰበስብ ማወቅ የምፈልገው ማን እንደሸጠለት ነው። ታፔላው ደብዝዞ "...ና ኩባንያ" ብቻ ነው የሚነበበው። ከየት ልጀምር?

ኤን ትሬ ናፋቂ፦
አፍንጫ አለው? ትሬንታ ኳትሮ ማለት ፊያት 634 ነው፣ ሞተሩ ወደፊት የወጣ፣ የጣልያን ጊዜ መኪና። ኤን ትሬ ግን 682 ስለሆነ ፊቱ ዝርግ ነው፣ ፋብሪካው 682ን መስራት የጀመረው በኛ 1944 አካባቢ ስለሆነ ዝርግ ከሆነ ፎቶው ከዛ ወዲህ ነው፣ እማማም ተሸነፉ ማለት ነው 😂

የጣርማበር ጉም፦
ዝርግ ነው 🙈 ለእማማ ማን ይንገርልኝ። መሪው በቀኝ ነው፣ ያ ማለት ከ1956 በፊት ነው አይደል?

አሮጌ ካርድ፦
ቆይ ቆይ፣ በመሪው እንዳትሸወድ። በግራ መንዳት ቀርቶ በቀኝ የሆነው ሰኔ 1956 ነው ልክ ነህ፣ ግን የጣልያን ከባድ መኪኖች ጣልያን አገር ራሱ በቀኝ እየተነዳ መሪያቸው ቀኝ ነበር፣ ስለዚህ መሪው ምንም አይነግርህም። መንገዱ ላይ ሌላ መኪና ካለ በየት በኩል እንደሚሄድ እየው፣ እሱ ነው ማስረጃ። ግን መጀመሪያ ፊደሉ ተገልብጦ እንደሆነ አረጋግጥ፣ ነጋቲቩ በግልባጭ ታትሞ ከሆነ ግራ ቀኙ ሁሉ ውሸት ነው።

ሻጩን በተመለከተ የመኪና ስም ይዘህ አትፈልግ። ድሮ መኪና የሚያስመጡት ባብዛኛው ሁሉንም የሚነግዱ ቤቶች ናቸው፣ ቡናና ቆዳ ይልካሉ ሲመለሱ ጨርቅም ማሽንም ጎማም ያስገባሉ፣ ቤስ የሚባለው ትልቅ የንግድ ቤት እንደዛ ነበር። ግድግዳው ላይ የነዳጅ ወይ የጎማ ማስታወቂያ ካለ እሱንም ጻፈው፣ ለምሳሌ ቤስ የሼል ወኪል ነበር። አንዳንዴ ከዋናው ታፔላ ይልቅ ጥግ ላይ ያለችው ቆርቆሮ ናት የምታወራው።

ስድስት ኪሎ፦
በስልክ ፎቶ አታንሳው ስካን አርገው፣ ጥራቱን 1200 ዲፒአይ ላይ አድርገህ፣ ከዛ ኮንትራስቱን ስትጨምር የጠፋ የመሰለህ ፊደል ብቅ ይላል። ጀርባውንም ስካን፣ የፎቶ ቤት ማህተም ካለው ቢያንስ ከተማውን ታውቃለህ። የምትሰበስባቸው ፖስትካርዶች ላይ ደሞ የፖስታ ቤት ማህተም ካለ ከዛ ቀን በፊት መታተሙን ብቻ ነው የሚነግርህ፣ ካርዱ ሱቅ ውስጥ አስር አመት ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ስሙ ግማሽም ቢሆን ሲወጣልህ ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ) ወይ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ያለው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሄደህ የድሮ አዲስ ዘመን ማስታወቂያዎችን አገላብጥ፣ ጋዜጣው ከ1933 ጀምሮ ስላለ ያንተን ዘመን በደንብ ይሸፍናል።

ኤን ትሬ ናፋቂ፦
ይሄ ሁሉ ሳይመጣ ሊብሬው የለም? የሻንሲ ቁጥሩን እንኳ ካገኘህ የተሰራበትን ዓመት ማጥበብ ይቻላል።

የጣርማበር ጉም፦
አጎቴ ሳጥን ውስጥ የአያቴ ወረቀቶች አሉ፣ ቁልፉን ግን ለሰው አይሰጥም። ስለ ኤን ትሬው ልክ ነህ ብዬ ልለምነው።